ጽሕፈትና ምስር ለቀማ

በዚህ ከተማ መጽሐፍ የማይጽፍ ሰው የለም። ገና አልጻፈውም እንጂ ሊጽፈው ነው። ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው «እህ» እያላችሁ ትንሽ ካዳመጣችሁት፣ አራት ኪሎ ሳትደርሱ «የኔ ሕይወት'ኮ ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል» ይላችኋል። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ይሰማና «የኔማ ሦስት ቅጽ ነው» ይላል። ሾፌሩ ዝም ካለ፣ እሱ ጀምሯል ማለት ነው።

አልቀልድም፤ ሰዎቹም አይዋሹም። እንዲህ ያለኝ አንድ ተሳፋሪ ስለ አከራዩ ያወራው ብቻ ታክሲውን በሙሉ አስቆ ነበር። አከራዩ የሽንት ቤቱን አምፖል ነቅለው ትራሳቸው ሥር አድርገው እንደሚተኙ፣ ሌሊት የቸገረው ተከራይ በራቸውን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ አምፖል» እንደሚል፣ እሳቸውም ከውስጥ ሆነው «ምን ያህል ትቆያለህ?» ብለው እንደሚጠይቁ ሲተርክ፣ «ወራጅ አለ» ማለት ረስቶ መውረጃው ያለፈው ሰው ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ይኸው ሰው ብዕር ሲጨብጥ ነው። ሲያወራ እጅጌውን ሰብስቦ የነበረው ሰው ወረቀት ፊት ሲቀርብ ኮት ይደርባል፣ ከረባት ያስራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያም «እንደሚታወቀው በከተማችን የሚስተዋለው የመኖሪያ ቤት እጥረት...» ብሎ ይጀምራል። አከራዩ የሉም። አምፖሉም የለም። ኮቱን እናነባለን። የራስን የአጻጻፍ ስልት ማግኘት የሚባለው ትልቅ ነገር፣ እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፣ ከሞላ ጎደል ይህን ኮት የማውለቅ ሥራ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዝግጅት አለ። ለመጻፍ መዘጋጀት ከመጻፍ ይልቅ የዳበረ ጥበብ ነው። መጀመሪያ ደብተር ይገዛል፤ ያውም ሽፋኑ ቆዳ መሰል፣ መሐሉ ላይ ቀይ ክር ያለው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም በትልቁ ይጻፋል፤ ከሥሩ «ክፍል አንድ» ተብሎ ሁለት ጊዜ ይሰመርበታል። ሁለተኛው ገጽ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ቦታ ይፈለጋል። ደራሲ የሚቀመጠው ካፌ ነው ስለተባለ አንዱ ጥግ ተይዞ ማኪያቶ ይታዘዛል፤ ማኪያቶው አልቆ አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ደጋግማ መወልወል ስትጀምር ግን ሐሳብ ሁሉ ወደ ሒሳብ ይሄዳል። በመጨረሻ ስሜት ይጠበቃል። «ስሜቱ ሲመጣልኝ ነው የምጽፈው» የሚል ወዳጅ አለኝ። ስሜት እስኪመጣለት ድረስ አብረን ብዙ ቡና ጠጥተናል። ስሜቱ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ልጁ ያለቅሳል፤ ልጁ ሲተኛ ኳስ አለ። ከኳሱ በኋላማ፣ በተለይ ቡድኑ ተሸንፎ ከሆነ፣ እንኳን ስሜት እንቅልፍም አይመጣ።

እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጸጥታ ጠብቄ ልጻፍ ብል ኖሮ እስካሁን ስሜንም አልጻፍኩም። ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ይመጣል፤ እሱ ሲርቅ «ልዋጭ!» የምትለዋ ትተካለች፤ ከላይ ፎቅ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፤ ከታች አንዱ ሞተር ብስክሌቱን ያስነሳል፣ አይነሳለትም፣ ደግሞ ያስነሳል። ጫጫታውን ግን አላማርረውም። የልዋጯ ሴትዮ በአንድ አሮጌ ሱሪና በአንድ ሳፋ ላይ ስትከራከር የሰማሁትን ያህል የተዋጣ ምልልስ ቴአትር ቤት ገብቼ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ኮቱ የተሰፋልን ትምህርት ቤት ነው። «ስለ ላም ድርሰት ጻፉ» ይባላል። ክፍል ሙሉ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፦ ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም አራት እግር፣ ሁለት ቀንድና አንድ ጅራት አላት። ላም ወተት ትሰጠናለች። ስለዚህ ላምን መንከባከብ ይገባናል። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ከገጠር የመጣ ነበር። በዕረፍት ሰዓት የነገረን ሌላ ነው። ጥጃዋ የሞተባት ላማቸው አልታለብም ስትል፣ አባቱ የጥጃዋን ቆዳ ገለባ ሞልተው ፊቷ እንዳቆሙላት፣ እሷም ያንን ቆዳ እየላሰች ወተቷን እንደለቀቀች፣ እናቱ እያለቡ ፊታቸውን ወዲያ እንዳዞሩ ነገረን። የያዝነውን ዳቦ መብላት ረስተን ሰማነው። ድርሰቱ ላይ «ላም አራት እግር አላት» ብሎ ጽፎ ከአሥር ዘጠኝ አገኘ። አንዷ የተቀነሰችበት ጅራቷን ስለረሳ ነው።

የደብዳቤም ነገር እንዲሁ ነበር። «ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ በየተራ ተዘርዝሮ ወረቀቱ ሲያልቅ፣ ዋናው ወሬ በጠርዙ ላይ በቁሙ ይጻፋል፦ «በሬውን ሸጥነው። እህትህም ኮበለለች።» ደብዳቤውን አጋድሞ ያላነበበ ሰው ስለ ቤተሰቡ የሚያውቀው ነገር የለም።

ትምህርት ቤት የጀመረውን መሥሪያ ቤት ይጨርሰዋል። የኔ እንጀራ ቀን ቀን ደብዳቤና ሪፖርት መጻፍ ስለሆነ ይህን አማርኛ አሳምሬ እችለዋለሁ። ሰዎች ሥራ አልገቡም አይባልም፤ «የሰው ኃይል ተሟልቶ አለመገኘት በክፍተት ተስተውሏል» ይባላል። ምንም አልተሠራም አይባልም፤ «ሥራዎች በተጠናከረ መልኩ እየተሠሩ ይገኛሉ» ይባላል። ስብሰባ በተካሄደ ቁጥር «አቅጣጫ ተቀምጧል» እንላለን፤ የት እንደተቀመጠ ግን ሲፈለግ የተገኘበት ጊዜ የለም። ይህ ቋንቋ ማንንም ላለማስቀየም የተሠራ ስለሆነ ለቢሮ ይጠቅማል፤ አልጣላውም። ጉዱ ቤት ድረስ መከተሉ ነው። አንድ ማታ ባለቤቴ «ሽንኩርት ገዛህ?» ስትለኝ «ከሽንኩርት አኳያ...» ብዬ ስጀምር አየችኝ። አስተያየቷ ዐረፍተ ነገሩን አላስጨረሰኝም።

አንድ ሰሞን ስለ ሕንጻችን ውሃ ለመጻፍ ተቀምጬ «በመኖሪያ ሕንጻችን የተከሰተው የውሃ አቅርቦት መቆራረጥ ነዋሪዎችን ለከፍተኛ እንግልት ዳርጓል» የሚል ዐረፍተ ነገር ወጣኝ። ሰዋስው አልጎደለውም። የሚቃወመው የለም፤ የሚያስታውሰውም የለም። በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «እንዴት አደሩ እማማ? ውሃ አለ?» አልኳቸው። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ነበር አሉ ልጄ» አሉኝ፤ «ተኝቼ ቢያገኘኝ ሳይቀሰቅሰኝ ሄደ።»

በእኚህ ሴትዮ አንድ ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ቁጠሩት። ሰዓቱ አለ። አልጋው አለ። ውሃው መጥቶ የሚሄድ ይሉኝታ ያለው እንግዳ ሆኗል። «አሉ» በምትለዋ ውስጥ ደግሞ ሌሊቱን ነቅታ ጀሪካኗን የሞላች፣ እማማን ግን ያልቀሰቀሰች ጎረቤት ቆማለች፤ ሐሜቱ እዚያ ነው። «እንግልት» የሚል ቃል የለም፤ እንግልቱ ግን ጀሪካኑ ውስጥ ነው። እኔ አሥር ቃል ደርድሬ ያላገኘሁትን እሳቸው ከነነጠላቸው ደረጃ ላይ ቆመው ጣል አደረጉት። ወደ ላይ ወጥቼ ያንን ዐረፍተ ነገሬን ሰረዝኩና የሳቸውን ጻፍኩ።

ቀን የመንግሥት ወረቀት እየጻፉ ማታ በሌላ አማርኛ የጻፉ ሰዎች አሉን፤ ሥራዬ አበላሸኝ የሚል ሰበብ ስለዚህ አይሠራም። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትም ሚኒስትርም ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው ፍቅር እስከ መቃብር ግን የሚያወራው በባላገሩ፣ በባላባቱና በቆሎ ተማሪው አፍ ነው። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን ሲያሳትም የመግለጫን ቋንቋ ከማንም በላይ ያውቀው ስለነበር ገጸ ባሕርያቱን አሸክሞ አሳየን። የከፈለበትን ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንደ አፍ መጻፍ ሲባል ግን አፍ ያወጣውን ሁሉ መጻፍ አይደለም። አፍ «ምን ነበር ያልኩት?» ይላል፣ ይደጋግማል፣ ያስነጥሳል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ዝም ብሎ የሚያወራ የሚመስለው ሰው ነው፤ ምን ጠብቆ ምን እንደጣለ የሚታወቀው እሱን ለመምሰል ሲሞከር ነው። አድዋ አካባቢ ተወልዶ አማርኛን እንዲህ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠበት ሰው የጻፈው ሌቱም አይነጋልኝ፣ ሳይታተም ለአሥርት ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ኖሯል። ስብሐትን ያነበበ ወጣት ሁሉ ለጥቂት ወራት ስብሐት ይሆናል። ነውር የሚባለውን ቃል ይጽፋል፣ ጸጉሩን ማበጠር ይተዋል። የስብሐትን ጆሮ ለመበደር የጠየቀ ግን አላየሁም። ከዚያ የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ ያነባል፤ የሚናገረው ለቤተሰቡ አይገባም። ከዚያ አዳም ረታ ጋ ይደርስና የግርጌ ማስታወሻ ይጀምራል። አዳም «ሕጽናዊነት» ያለውን የአጻጻፍ መንገዱን ያሰበው እንጀራን እያየ ነው፤ ከነዓይኑ። ተከታዩ እንጀራውን ገበታው ላይ ትቶ የግርጌ ማስታወሻውን ይዞ ይወጣል።

መምሰልን ግን አልነቅፍም። ተምሮ የማያውቅ ነው የሚነቅፈው። ከቅኔ ቤት የተሻለ የድርሰት ትምህርት ቤት በዚህ አገር አልተከፈተም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚደረገው የመምህሩን መንገድ መከተል ነው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ይዞ ወደ ቅኔ ቆጠራ ሲገባ መወድስ ቁጠር አይባልም። ጉባኤ ቃና ነው የሚሰጠው፤ ሁለት ቤት፣ አለቀ። ሁለቷ ሲቀኑለት ወደ ባለ ሦስቷ ሚበዝኁ፣ ከዚያ ወደ ባለ አምስቷ ዋዜማ እያለ ይሄዳል፤ ባለ ስምንቷ መወድስ ሩቅ ናት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ የመንደሩን ውሻ በዱላው እየተከላከለ የለመናትን ቁራሽ ከበላ በኋላ ከሰው ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ይቆጥራል። ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማሉ። «ግሩም ነው፣ በርታ፣ ወድጄዋለሁ» የሚል አስተያየት እዚያ የለም። ከተበላሸ ተበላሽቷል፤ ነገ ደግሞ ሌላ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቅኔ አለመደገሙ ነው። ያለፈው በዓል ላይ አድናቆት ያገኘ ቅኔ በሚቀጥለው በዓል ተሞቆ አይቀርብም፤ አዲስ ያስፈልጋል። ማኅሌቱ ቆሞ ሳለ ባለ ቅኔው «ስሜቱ አልመጣልኝም» ቢል ምን እንደሚሉት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ መኮረጅና መታረም በኋላ ደግሞ መንገዱ ይለያል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ እየተባለ ቅኔው በየቤቱ ይታወቃል፤ ጆሮ ያለው ሰው ሰምቶ ባለ ቅኔው ከየትኛው እንደወጣ ይናገራል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ለብቻው ቤት ሠርቷል። የአማርኛ ግጥም ስንኝ ለብዙ ዘመን በብዛት የሄደው በወል ቤት፣ ስድስትና ስድስት ቀለም እያለ ነው። እሱ ስምንትና ስምንት አድርጎ ዘረጋውና ሰው «የጸጋዬ ቤት» አለው። በአዲስ አበባ በራስ ስም ቤት ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ዕጣ ስትጠብቁ ለኖራችሁ አልነግርም። ልብ በሉ፤ ጸጋዬ ቤቱን የሠራው ወሉን ከማንም በላይ ካወቀ በኋላ ነው። ዛሬ ወል ቤት መግጠም የማይችል ሁሉ ስንኙ ሲጎረብጥበት «የራሴ ስልት ነው» ይላል። ስልትማ አይደለም። ጉርብጥብጡ የወጣ ነው።

ከቅኔ ቤቱ የወሰድኩት ሁለት መስመሩን ነው። ማታ ራት ተነሥቶ ጠረጴዛው ከተወለወለ በኋላ፣ በዚያው የሽሮ ጠረን ባልለቀቀው ጠረጴዛ ላይ፣ ቀን የሰማሁትን አንድ ነገር በተሰማበት አፍ በሁለት ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ከታክሲ፣ ከእድር፣ ከሥጋ ቤት ወረፋ። ልቦለድ አይደለም፣ ማስታወሻም አይደለም። ሁለት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ስሜት አያስፈልግም፤ ኳስም አያልፍም። የሚበዛው ከንቱ ነው። ያልሞተው ግን በኋላ ወግ ሲጻፍ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ይላል።

ሰውን ለማሳቅ ለሚጽፍ አማርኛ የሰጠው አንድ ትልቅ ጸጋ አለ፤ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። ሰውየው፣ ጎረቤቱን፣ በሠርጉ ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት... እያላችሁ እስከ ጫፍ ድረስ ብትሄዱ ሳመው ይሁን በጥፊ አጮለው አንባቢው አያውቅም። ይህን ዕድል «ማድረግ ችሏል» እና «ሁኔታ ነው ያለው» በሚሉ ጅራቶች የሚያባክን ጸሐፊ ያናድደኛል። እማማ ያሉትን መለስ ብላችሁ እዩት፤ ሁሉም ነገር «ሄደ» ላይ ነው የወደቀው። እሳቸው የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ አላነበቡም።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ለሰው ማሰማት አለ። ፍቅር እስከ መቃብርን ከገለጠው ይልቅ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማው ሰው ሳይበዛ አይቀርም፤ መጽሐፉም ለጆሮ አልከበደም። እኔ ወጋየሁ ስላልሆንኩ የማሰማው ለባለቤቴ ነው። እሷ ደግሞ ሥራ ፈትታ አትሰማም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ጠጠሩን ወደዚህ፣ ምስሩን ወደዚያ። እኔ አነባለሁ፣ የማየው ግን ጣቶቿን ነው። የተጠበብኩበት፣ ሦስት ቅጽል የደረደርኩበት ቦታ ላይ ምስሩ በፍጥነት ይለቀማል። አንዳንዴ ደግሞ ልሰርዘው ያሰብኩት ተራ ዐረፍተ ነገር ላይ ጣቶቿ ይቆማሉ፤ «እንዴ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ሂስ ማለት ይኼ ነው። ጉባኤ ቢጠራ፣ የመጽሐፍ ምረቃ ቢዘጋጅ፣ ሦስት ሰው ተነሥቶ «ደራሲው ጥልቅ ምልከታ ያለው...» ቢል ከነዚያ ጣቶች የበለጠ አይነግረኝም። በጣም የባሰ ቀን አንገቷን ሳታቀና «ይሄ አንተ ነህ ወይስ ዜና?» ትለኛለች። ያን ለታ ኮቱን ለብሼ ነው የተቀመጥኩት ማለት ነው።

አንባቢ ዘመድ ሲሆን ያደላል የሚሉ አሉ። የኔን ባለቤት አያውቋትም። ማድላትን የፈለገ ሰው ለሥራ ባልደረባው ይስጥ፤ ባልደረባ ሳያነብ ያደንቃል፣ «መቼ ነው የሚመረቀው?» ብሎም ይጠይቃል። የምርቃቱን ዳቦ እንጂ የመጽሐፉን ዋጋ ግን አይጠይቅም።

እንግዲህ ረቂቅ ያለባችሁ ወዳጆቼ፣ አምስት መቶ ገጽ አስጠርዛችሁ «በትርፍ ጊዜህ እየውና አስተያየትህን ጻፍልኝ» እያላችሁ አትተዉብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ኑ። ሁለት ገጽ ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ «እንደሚታወቀው» የሚለውን በር ላይ ከጫማችሁ ጋር አውልቁት። እናንተ ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ፣ እኔ እለቅማለሁ። ቡናና ምስሩን እኛ እናቀርባለን፤ ሰፌድ ግን ያለን አንድ ስለሆነ፣ ሁለት ሆናችሁ የምትመጡ ሰፌድ ይዛችሁ ኑ።